ሰማዩ ነጣ፣ ሰዉ ጠቆረ፤ ስልኬን ልቀይር?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምኖረው ደሴ ነው። ቅዳሜና እሑድ ከጓደኞቼ ጋር በእግር እንወጣለን፤ ጦሳ ተራራ፣ ሐይቅ፣ አንዳንዴም ወደ አምባሰል። ስልኬ ሦስት ካሜራ ያለው መካከለኛ ሳምሰንግ ነው። ተራራው በዓይኔ እንዳየሁት አይወጣልኝም። ሰማዩ ይነጣል፣ የጓደኞቼ ፊት ይጠቁራል፣ ቪዲዮው ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁም ነፋስ ብቻ ነው። ታኅሣሥ ላይ ላሊበላ አጠገብ ያለውን አቡነ ዮሴፍ ተራራ ለመውጣት አስበናል። ስልክ ልቀይር ወይስ ጊምባል የሚሉትን የስልክ ማረጋጊያ ልግዛ? ፎቶና ቪዲዮ ልኬልዎታለሁ፤ እባክዎ ይምከሩኝ።»

ምላሽ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ስልኩን አትቀይር። የላክሃቸውን አራት ፎቶዎች ደጋግሜ አየኋቸው። ሦስቱን ያበላሸው ሰዓቱ ነው፤ አራተኛውን ደግሞ ሌንሱ ላይ ያለው የጣት ቅባት። እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ ሠርግና ምርቃት እያነሳሁ የምተዳደር ሰው ነኝ፤ ትልቁን ካሜራ ተሸክሜ ተራራ መውጣት ከተውኩ ግን ዓመታት አልፈዋል። ስልኬ ይበቃኛል። የሚበቃኝ ግን ብርሃኑን እኔ ስመርጥለት ነው። ምርጫውን ለራሱ የተውኩለት ቀን ልክ እንዳንተው ዓይነት ፎቶ ይሰጠኛል።

ከቅባቱ ልጀምር፤ እሱ ቶሎ ያልቃል። ስልክ ቀኑን ሙሉ ኪስና እጅ ውስጥ ይውላል፣ ስንቅ የበላንበት ጣት ይነካዋል። አንድ ጊዜ ከጓደኞቼ ጋር በሌሊት ተነስተን ገደል አፋፍ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ለመቅረፅ ቁጭ ብለን ነበር። እስክትወጣ ድረስ በቅቤ የታሸ ጭኮ እየቆረስን እንጫወታለን። ፀሐይዋ ወጣች፣ ቀረፅኩ፤ ቤት ገብቼ ሳየው ሁሉም ላይ ነጭ ጭረት ከጫፍ እስከ ጫፍ ተዘርግቷል፣ ጥቁር መሆን የነበረበት ሸንተረር ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። የጭኮው ቅቤ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስልኬን ባወጣሁ ቁጥር ሌንሱን በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ሳልጠርግ አልነካውም። በሸሚዝህ ጫፍም ይሆናል፤ ብቻ አቧራ ካለው መጀመሪያ እፍ በልበት፣ አለበለዚያ ይጫጭረዋል። አራተኛዋ ፎቶህ ላይ ፀሐይዋ ዙሪያ ያለው ጭጋግ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ። የፈረንጅ የፎቶ ትምህርት በዩቲዩብ ያየህ ከሆነ ፀሐይ ከወጣች በኋላና ከመጥለቋ በፊት ያለውን «ወርቃማ ሰዓት» ተጠቀም ሲሉህ ሰምተሃል። እውነት ነው፤ ነገር ግን የነሱ ሰዓትና የኛ ሰዓት እኩል አይረዝምም። ወሎ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 እና 12 ዲግሪ ላይ ያለ አገር ስለሆነ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ13 እስከ 15 ዲግሪ ትወጣለች። ሰሜን አውሮፓ ላይ በሰያፍ እየተንሸራተተች ስለምትወጣ ፍጥነቷ የዚህ ግማሽ ያህል ነው። እነሱ ተረጋግተው ቡና የሚጠጡበት ብርሃን እኛ ዘንድ አርባ ደቂቃ ቢቆይ ነው። ሚያዝያ አጋማሽ እና ነሐሴ አጋማሽ ላይማ ፀሐይዋ በቀጥታ በአናታችን ታልፋለች፤ ቀትር ላይ ጥላህ ከጫማህ አይወጣም። በዚያ ሰዓት የተነሳ ሰው ዓይኑ ሁለት ጉድጓድ ይሆናል።

ስለዚህ ቦታው ላይ ቀድመህ ድረስ። ታኅሣሥ ላይ በኛ በኩል ፀሐይ የምትወጣው ከ12 ሰዓት ተኩል ትንሽ አለፍ ብላ ነው፤ እስከ 1 ሰዓት ከሩብ ሥራህን ጨርስ። ማታም ከ11 ሰዓት ከሩብ ጀምሮ እስክትጠልቅ ነው። ከጧቱ 4 እስከ ከሰዓት 9 ያለውን ለመሄጃ፣ ለምሳና ለወሬ ተወው፤ ፎቶ ካስፈለገህም ጥላ ፈልግ። የዛፍ ሥር፣ የአለት ጥግ፣ የቤት በረንዳ። ጥላ ውስጥ ያለ ፊት ከፀሐይ በታች ካለ ፊት ሁልጊዜ ያምራል።

ይህን ብዬ ግን ጦሳ ላይ ለብቻው የምነግርህ አለ። ጦሳ ከደሴ በስተምዕራብ ነው። ጧት እዚያ ሆነህ ወደ ከተማው ስትመለከት ፀሐይዋ ከፊትህ ትመጣብሃለች፤ ከቆላው በኩል ያለው ብናኝ ሁሉ ያበራና ከተማዋ በነጭ መጋረጃ ውስጥ ትቀራለች። አንተ ደግሞ ሦስተኛዋን ፎቶ፣ ያቺን ትልቅ ድንጋይ ላይ ቆመህ ያነሳሃትን፣ በቀትር ነው ያነሳሃት። ማታ ላይ ፀሐይዋ ከኋላህ ስለሆነች ደስ ይላል፤ ብዙ ከቆየህ ግን የጦሳ ጥላ ራሱ ወርዶ ከተማውን ይሸፍነዋል። እኔ የምመርጠው ከ9 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ሰዓት ተኩል ያለውን ነው። ቆርቆሮው ሁሉ ያበራል፣ የሸንተረሩ እጥፋት በጥላ ይለያል። ዝናብ ዘንቦ ካባራ ደግሞ ሥራህን ጥለህ ውጣ፤ አየሩ የሚታጠበው ያኔ ነው። መስከረምን ከግንቦት የሚያስበልጠው አደይ አበባው ብቻ እንዳይመስልህ፤ አቧራው ስለጠፋም ነው።

ጉም ከመጣ አትመለስ። ብዙ ሰው ጉም ሲያይ ስልኩን ይከታል፤ እኔ ያኔ ነው የማወጣው። ጉም የኋላውን ግርግር ሁሉ ደምስሶ አንድ ዛፍ፣ አንድ እረኛ ብቻ ያስቀርልሃል። ስልኩ ግን ጉሙን ግራጫ ያደርግብሃል፤ ለምን እንደሆነ ቀጥዬ እነግርሃለሁ።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነውና ረጋ ብለህ አንብበው። ስልክህ ነጭና ጥቁር ምን እንደሆነ አያውቅም። ፊቱ ያለውን ሁሉ ደባልቆ መካከለኛ ግራጫ ለማድረግ ይሞክራል። ነጭ ጋቢ የለበሱ አባት ፊቱ ብታቆምለት «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ያጨልማል፤ ጋቢው አመድ፣ ፊታቸው ከሰል ይሆናል። ጥቁር ገደል ብታሳየው ደግሞ «ጨለመብኝ» ብሎ ያበራል፤ ገደሉ ይታያል፣ ከላይ ያለው ሰማይ ግን ተቃጥሎ ወረቀት ይሆናል። የጓደኞችህ ፊት የጠቆረውና ሰማይህ የነጣው በዚህ አንድ ምክንያት ነው። አዳዲሶቹ ስልኮች ፊት ለይተው ለማስተካከል ይሞክራሉ፤ ሰውዬው ጎኑን ሲሰጥ ወይም ነጠላ ሲከናነብ ግን ይጠፋባቸዋል።

መድኃኒቱ ጣትህ ነው። የምትፈልገውን ነገር ስክሪኑ ላይ ንካው። አጠገቡ ትንሽ የፀሐይ ምልክት ወይም መስመር ይወጣል፤ እሱን በጣትህ ስትጎትተው ፎቶው ይበራል ወይም ይጨልማል። ረዘም አድርገህ ከተጫንከው ይቆለፋል፣ ስልኩን ብታዞረውም አይለወጥም። ለመልክዓ ምድር የምነካው ደማቁን ደመና ነው፤ ደመናው ቅርፁ እስኪታይ ድረስ አጨልመዋለሁ። መሬቱ ሲጠቁር አትደንግጥ። የጠቆረውን ቤት ገብተህ ስናፕሲድ በሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ልታወጣው ትችላለህ፣ የነጣውን ግን ማንም አይመልስልህም፤ እዚያ ውስጥ የተቀመጠ ነገር የለምና። ለሰው ግን ተቃራኒው ነው፤ ፊቱን ንካ፣ ሰማዩ ቢነጣም ይንጣ። ሁለቱንም አንድ ላይ ከፈለግህ ኤችዲአር የሚለውን አብራው። ስልኩ አከታትሎ የተለያየ ብርሃን ያላቸውን ፎቶዎች አንስቶ ያዋህዳቸዋል። ነፋስ የሚያወዛውዘው ቅርንጫፍና የሚሮጥ ልጅ ግን ሁለት ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ለጉምም እንዲሁ፣ መስመሩን ትንሽ ወደ ላይ ጎትት፤ ነጭነቱ ይመለሳል።

ከዚህ የተሻለው ዘዴ የእናትህ ነጠላ ነው። አልቀልድህም። ጓደኛህን ጀርባውን ለፀሐይ ስጠው፤ ፀጉሩና ትከሻው በብርሃን ይከበባል። ፊቱ ጥላ ውስጥ ይገባል። ሌላው ጓደኛህ ነጠላውን እጥፍ አድርጎ ከፎቶው ክልል ውጭ፣ ከፊት ለፊቱ ከወገብ ዝቅ አድርጎ ይዘርጋለት። ከነጠላው የሚመለሰው ብርሃን ፊቱን ያነሳዋል፣ ዓይኑ ውስጥም አንዲት ነጥብ ታበራለች። በስቱዲዮ ለዚህ ሥራ የምንገዛው አንጸባራቂ ዋጋው ቀላል አይደለም፤ ሥራው ግን ከነጠላው አይለይም። ጥለቱን ግን እጠፈው፤ ቀለሙ ጉንጭ ላይ ያርፋል።

ስለ ሦስቱ ካሜራ አጭር ልበል። ዋናው አንዱ ነው። ማክሮ የሚሉት የቅርብ ማንሻ በመካከለኛ ስልኮች ላይ ብዙ ጊዜ 2 ሜጋፒክስል ብቻ ነው፤ እርሳው። ሰፊው ሌንስ ጠባብ ቦታ ላይ ይረዳል፤ ተራራን ግን ያሳንሳል፣ በጠርዙ ያለውን ሰውም ይለጥጣል። ጦሳ ኮረብታ መስሎ የወጣብህ በሱ ስላነሳኸው ነው። በሁለት ጣት እየከፈትክ የምታደርገው ዙም ደግሞ ፎቶውን ቆርጦ መለጠጥ ነው፤ ከሁለት እጥፍ በላይ አትሂድበት፣ በእግርህ ቅረብ። የፊት ማለስለሻውንም አጥፋው፤ የወሎ ቆንጆ እሱ አያስፈልጋትም።

ፎቶው ውስጥ ሁልጊዜ ቅርብ የሆነ ነገር አስገባ። የገደል ስፋት የሚታወቀው ጫፉ ላይ የቆመ ሰው ሲኖር ነው፤ ዓይን የሚለካው በሰው ነውና። የበሸሎን ሸለቆ ከደላንታ በኩል ሳነሳ ያለ ሰው ያነሳሁት ሁሉ ካርታ ይመስላል፤ አህያ የሚነዳ ሰው የገባበት አንዱ ግን ዛሬም ግድግዳዬ ላይ አለ። ሐይቅ ከሄድክ ደግሞ ነፋስ ሳይነሳ ጧት ድረስ፣ ውኃው መስታወት ነው። ከከተማው በኩል ስትቆም ፀሐይዋ ከውኃው ማዶ ስለምትወጣ ጀልባውና ቀዛፊው ጥቁር ቅርፅ ሆነው ይወጣሉ፤ ሰማዩን ነክተህ አጨልመው። ቆይቶ የውኃው ነጸብራቅ ካስቸገረህ ፖላራይዝድ የሆነ፣ ማለትም ነጸብራቅ የሚቀንስ የፀሐይ መነጽር ሌንሱ ላይ አድርገህ ቀስ እያልክ አዙረው፤ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ብልጭታው ይጠፋና ከሥሩ ያለው ሣር ይታያል።

ቪዲዮ። የላክህልኝ አንዱ ቪዲዮ አራት ደቂቃ ነው፤ እውነቱን ልንገርህ፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ አላየሁትም። ስልኩን እንደ መጥረጊያ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ አታመላልሰው። ቁም፣ ስምንት ወይም አሥር ሰከንድ ቅረፅ፣ አቁም። ቀጥሎ ቀረብ ብለህ ሌላ፤ ጫማው ድንጋይ ሲረግጥ፣ እጅ ውኃ ሲቀዳ። ቤትህ ገብተህ ካፕከት በሚባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ስትቀጥላቸው ታሪክ ይሆናሉ። ስትቀርፅ ክርንህን ከጎድንህ አጣብቅ፣ ስልኩን በሁለት እጅ ያዝ። የባላገሩ ዱላ ደግሞ ምርጥ ማቆሚያ ነው። መሬት ትከለውና አናቱ ላይ እጅህን አሳርፈህ ቅረፅ፤ መንቀጥቀጡ አብዛኛው ይጠፋል። እየሄድክ መቅረፅ ካለብህ ጉልበትህን ለስለስ አድርገህ፣ እንደ ድመት።

ጥራቱንም 4ኬ ላይ አትስቀለው። በብዙ መካከለኛ ስልኮች ላይ የማረጋጊያው ሶፍትዌር በደንብ የሚሠራው በ1080 ጥራትና በሰከንድ 30 ፍሬም ነው። በዚያ ላይ 4ኬ እንደ ስልኩ በደቂቃ ከ170 እስከ 350 ሜጋባይት ይበላል፤ ተራራው ጫፍ ላይ «ቦታ የለም» ሲልህ ምን ልትሰርዝ ነው? ቆላ ወርደህ፣ ለምሳሌ ሰኞ ባቲ ገበያ፣ በ4ኬ ስትቀርፅ ደግሞ ስልኩ ይግልና ራሱ ያቆመዋል።

ለድምፁ መፍትሔው ነፋሱን መከለል ነው። ማይኩ ብዙ ጊዜ ከስልኩ ታች ነው ያለው። ጀርባህን ለነፋስ ስጥ፣ በመዳፍህ ሳትነካው ከልለው። ዋሽንት የሚነፋ እረኛ ካገኘህና ከፈቀደልህ፣ ሁለተኛ ስልክ ላይ የድምፅ መቅጃ ከፍተህ አጠገቡ ካለ ድንጋይ ጀርባ፣ ጋቢ ላይ አስቀምጠው። ቪዲዮውን ከሩቅ ትቀርፃለህ፣ ድምፁን ከዚያ ትወስዳለህ። ባቲንና አምባሰልን ለዓለም በሰጠ አገር የነፋስ ጩኸት ይዞ መመለስ ያሳዝናል።

ወደ አቡነ ዮሴፍ እንሂድ። ጫፉ ከ4,200 ሜትር በላይ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ስለሚቀንስ፣ ላሊበላ ላይ በሹራብ የቻልከው ጧት እላይ ውርጭ ነው፤ ታኅሣሥ ደግሞ ዋናው የውርጭ ወር ነው። የስልክ ባትሪ ብርድ አይወድም። 30 በመቶ እያሳየ ድንገት ይጠፋል፤ ሲሞቅ ይመለሳል። ስለዚህ ስልኩንም ፓወር ባንኩንም ማታ ብርድ ልብስህ ውስጥ ይዘሃቸው ተኛ፣ ጧትም ሸሚዝህና ሹራብህ መካከል ይሁኑ። ኔትዎርክ ደካማ በሆነበት ሁሉ ደግሞ ስልኩ ምልክት ሲፈልግ ባትሪውን ይጨርሳል፤ የአውሮፕላን ምልክቷን ተጫን። ከብርድ ወደ ሞቀ ጎጆ ስትገባ ሌንሱ ላይ እንፋሎት ይይዛል፤ አትጥረገው፣ ቦርሳህ ውስጥ ቀስ ብሎ ይሙቅ።

ጭላዳዎቹን የምታገኛቸው ጧት ነው። ሌሊት ገደል ላይ አድረው ፀሐይ ሲሞቃቸው ወደ ሜዳው ይወጡና ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። አንተም ተቀመጥ። ቆመህ ከተከተልካቸው ይሸሻሉ፤ ከተቀመጥክ እነሱ እየጋጡ ወዳንተ ሊመጡ ይችላሉ። ምግብ አትስጣቸው፣ አንዴ ከለመዱ የገበሬውን ማሳ ነው የሚወሩት። የወንዱ ጎፈር ከኋላው ፀሐይ ሲመታው ነበልባል ይመስላል፣ ያቺን ጠብቅ። ባይኖኩላር ያለው ሰው አብሯችሁ ከሄደ የስልክህን ሌንስ በባይኖኩላሩ አንድ ዓይን ላይ ግጠመው፤ አጥብቆ መያዝ ይፈልጋል እንጂ ከስልክህ ዙም ይበልጣል። ቀይ ቀበሮ ካየህ ግን ባለህበት ቅር፤ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር የለም፣ ቁጥሩም እጅግ ትንሽ ነው። ደብዘዝ ያለ ፎቶ ይዘህ ብትመለስ ይሻላል። ጅብራው፣ ያ ረጅሙ የደጋ ተክል፣ ግን አይሸሽም፤ ሰው አጠገቡ አቁመህ ቁመቱን አሳይ።

ስትመለሱ ላሊበላ ታድራላችሁ ብዬ እገምታለሁ። ቤተ ጊዮርጊስ ላይ እስካሁን ያልኩህን ገልብጠው። ወደ 12 ሜትር ያህል ወደ ታች የተፈለፈለ ስለሆነ ጧትና ማታ ፀሐይዋ ጣራው ላይ ያለውን መስቀል ብቻ ነክታ ጉድጓዱን በጨለማ ትተወዋለች፤ ስልክህ ሁለቱን ማስታረቅ አይችልም። ሌላ ቦታ የምሸሸው ቀትር እዚያ ይጠቅመኛል፤ ፀሐይዋ እስከ ታች ትገባለች። ደመና ከሸፈናት ከሁሉም ይሻላል። ውስጥ ስትገባ ፍላሽ አይበራም። ሥዕሎቹ ዕድሜ ጠገብ ናቸው፤ ቀሳውስቱንም ሳትጠይቅ አታንሳ። በገበያም በመንገድም ሰውን ጠይቅ፤ ካነሳህ በኋላ ስክሪኑን አሳያቸው፣ ያኔ ነው እውነተኛው ፈገግታ የሚመጣው። ኬላ፣ ካምፕና የታጠቀ ሰው ባለበት ግን ስልክህ ኪስህ ውስጥ ይሁን።

ጊምባሉን አትግዛ። ሌላ የሚሞላ ባትሪ፣ ሌላ ሸክም፣ ዳገት ላይ ደግሞ አንድ እጅህን ያስርብሃል። ገንዘቡ ካለህ ጥሩ ፓወር ባንክና ሚሞሪ ካርድ ግዛ፤ ስልክህ ካርድ የሚቀበል ከሆነ ማለቴ ነው። ፎቶ በቴሌግራም ስትልክም በፋይል ላክ፤ እንዲሁ ከላክኸው ጨምቆ ጥራቱን ይቀንሰዋል። አራቱንም እንዲህ ነው የላክህልኝ፤ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ አልፈረድኩባቸውም። ታኅሣሥ ሳይገባ አንድ ቅዳሜ በ9 ሰዓት ጦሳ ውጣ፤ ሌንሱን ጥረግ፣ ያቺው ድንጋይ ላይ ቁም፣ ደመናውን ንካ፣ አጨልመው። ሦስተኛዋን ፎቶ እንደገና አንሳትና በፋይል ላክልኝ፤ ከድሮዋ ጋር ጎን ለጎን አድርጌ አያታለሁ።